ስልኩ ይቁጠር፤ ቤተሰቡ ይጠብቅ

የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሌላው ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀን የሚቆጠርበት መሆኑ ነው። የመርፌው ቀን፣ የሐኪም ቀጠሮው ቀን፣ የደም ምርመራው ቀን፣ ክኒኑ የሚያልቅበት ቀን ሁሉ ይቆጠራል። ይህን ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ የምትይዘው እናት ናት። እናቲቱ ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ የመሥሪያ ቤቷን ሰዓት፣ የልጆቿን ትምህርትና የጓዳዋን ጣጣ በምትይዝበት በዚያው አእምሮዋ ላይ ይህንንም ትጨምርበታለች።

አሁን አሁን በየእጃችን ያለው ስልክ ይህን ሸክም ሊያቀልልን እንደሚችል ይነገራል። መድኃኒት የሚያስታውሱ፣ የደም ግፊት የሚመዘግቡ፣ ቀጠሮ የሚይዙ፣ በተለምዶ «አፕ» የምንላቸው መተግበሪያዎች በብዛት ቀርበዋል። በእርግጥ ይረዳሉን? የሚረዱስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

«ስልኩ ዝም አለ»

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ዘንድ ሄደን ነበር። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሁለተኛዋ ልጃቸው 17 ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ጉልበቷን፣ ሌላ ጊዜ ቁርጭምጭሚቷን እያፈራረቀ ያማት ጀመር፤ ትኩሳትም ነበራት። «ዕድገት ነው፤ ይተዋታል» ተባለ። ውሎ አድሮ ግን ልጅቷ የትምህርት ቤቷን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪም ቤት ስትወሰድ ልቧ መጎዳቱ ታወቀ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች።

ታላቅ ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ባለፈው ጥቅምት 7 ቀን እኅቱ መርፌዋን ተወግታ ስትመለስ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ካርድ ስታገላብጪ አትጨነቂ» አለና በእኅቱ ስልክ ላይ ቀጠሮ የሚያስታውስ መተግበሪያ ጫነላት። በካርዱ ላይ የሚቀጥለው ቀጠሮ «5/3» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ልጁም ቁጥሩን እንዳለ አስገባው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር በመሆኑ ቀጠሮውን ማርች 5 ብሎ ያዘ። ማርች 5 በእኛ የካቲት 26 መሆኑ ነው። ነርሷ የጻፉት ግን ኅዳር 5 ነበር። በሁለቱ መካከል ከሦስት ወር ተኩል በላይ ልዩነት አለ።

«ኅዳር ጠባ፤ ስልኩ ዝም አለ» ይላሉ እናትየው። «እኔም ስልኩ ዝም ካለ ገና ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ከሥራ ደክሜ እገባለሁ፤ ካርዱን አውጥቼ አላየሁትም። በ4 ማታ ጎረቤቴ መጥታ ‹ነገ አቦ አይደል?› ስትለኝ ብድግ አልሁ። ሲስተር ‹ኅዳር አቦ ዕለት ይዘዋት ይምጡ› ያሉኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ካርዱን ከቁም ሣጥን አውጥቼ አየሁት፤ እውነትም ነገ ነው።»

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅደው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ፤ መርፌውም በቀኑ ተሰጠ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እናትየው ለነርሷ የሆነውን ሁሉ አጫውተው «ከእንግዲህ ስልክ አላምንም፤ በየወሩ በአቦ ይዣት እመጣለሁ» ቢሏቸው፣ ነርሷ ፈገግ ብለው «እሱም ያሳስተናል፣ እናቴ» አሏቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ መርፌው ግን በየ28 ቀኑ ነው። ኅዳር 5 ቀን የተወጋች ልጅ የሚቀጥለው ቀኗ ታኅሣሥ 3፣ ከዚያ ጥር 1፣ ከዚያ እንደገና ጥር 29፣ ከዚያም የካቲት 27 ይሆናል። በየወሩ በአቦ ዕለት የሚመጣ ሰው በየወሩ ሁለት ቀን ያሳልፋል። ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ያለው ደግሞ ጳጉሜን ስለሚጨመርበት 35 ቀን ይሆናል። በየ28 ቀኑ የሚወጋ ሰው በዓመት 13 መርፌ ሲያገኝ፣ በየወሩ የሚሄደው ግን 12 ብቻ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ስልኩ 28 ቀን መቁጠር ያውቃል፤ የአቦን ዕለት ግን አያውቅም። እናት የአቦን ዕለት ታውቃለች፤ 28 ቀን እየቆጠረች ለመያዝ ግን ፋታ የላትም። ሁለቱ ተደጋግፈው ካልሠሩ ጉዳቱ የሚያርፈው በልጅቷ ልብ ላይ ነው።

አንድ መርፌ ቢያልፍ ምን ይሆናል?

ብዙ እናቶች «ልጄ ደኅና ናት፤ ትሮጣለች፣ ትበላለች፤ መርፌው አንድ ጊዜ ቢያልፋትስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘት የሕመሙን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሕመም የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው «ቶንሲል ያዘው» የምንለው፣ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሕዋስ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ጉሮሮው ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ ተሕዋሱን ሲዋጋ በስሕተት የገዛ አካሉን መውጋት ይጀምራል። መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ ልብም ይቆጣል። መገጣጠሚያው በጥቂት ሳምንታት ይድናል፤ «ቫልቭ» የሚባሉት የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይይዛሉ። አንዴ ሕመሙ የነካው ልጅ ጉሮሮው እንደገና ሲታመም ሕመሙ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም በጠባሳው ላይ ጠባሳ ይጨምራል። በመጨረሻም በሮቹ ወይ በደንብ አይከፈቱም፣ ወይ በደንብ አይዘጉም።

የፔኒሲሊኑ መርፌ የተጎዳውን በር አይጠግንም። ሥራው ሕመሙ እንዳይመለስ ዘብ መቆም ነው። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ቀኑ ካለፈ ዘቡ ከበሩ ላይ ተነሣ ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ደኅና መምሰሏ መርፌውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ደኅና የሆነችው በመርፌው ነው። እንደ ሕመሙ ክብደት መርፌው ለ10 ዓመት፣ ለአንዳንዱም እስከ 40 ዓመት ዕድሜና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ኢትዮጵያ ባለችበት በ14 አገሮች በዚህ ሕመም በተያዙ 3 ሺህ 343 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሕሙማኑ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት በታች ሆኖ ሲገኝ፣ ከመቶው 66ቱ ሴቶች ነበሩ። ተከታታይ ፔኒሲሊን የሚወስዱት ግን ከመቶው 55 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ይህ ሕመም የአረጋውያን ሕመም አይደለም፤ የወጣቶች፣ በተለይም የወጣት ሴቶች ሕመም ነው።

በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ቀላል አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሕፃናትን ያከመ ቢሆንም፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ዛሬም ብዙ ናቸው። በየ28 ቀኑ የሚሰጥ መርፌ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። የሚጠይቀው ቀን አለመርሳትን ነው፤ ስልክ ሊረዳን የሚችለውም እዚህ ላይ ነው።

ስልክ የሚረዳው በምንድን ነው?

ለልብ ሕመምተኛ የተዘጋጁት መተግበሪያዎች ስማቸው ብዙ ቢሆንም ሥራቸው በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛው ማስታወስ ነው፤ የክኒኑን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን በደወል ያሳውቃሉ። ሁለተኛው መመዝገብ ነው፤ የደም ግፊትን፣ ክብደትንና የምርመራን ውጤት በየቀኑ ያስቀምጣሉ። ሦስተኛው ማገናኘት ነው፤ የተመዘገበውን ለሐኪም ወይም ለቤተሰብ ያሳያሉ።

ለዚህ ሥራ የግድ ውድ ስልክ እንደማያስፈልግ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የልብ ደም ሥር ሕመም ባለባቸው 710 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለግማሾቹ ለስድስት ወር ያህል በሳምንት አራት ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸው ነበር። ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ሲጋራ ስለ መተው የሚመክር መልእክት ነው። በስድስተኛው ወር መልእክት የደረሳቸው ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት በአማካይ 128 ሲሆን ያልደረሳቸው 136 ነበር። ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሲጋራ የሚያጨሱት ከመቶ 26፣ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 43 ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ በዚያው አገር በኋላ በ1 ሺህ 424 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ መልእክት መላኩ ሰዎቹ መድኃኒታቸውን አዘውትረው እንዲወስዱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ደወል ጆሮን ይቀሰቅሳል፤ እጅ ይዞ ክኒን ግን አያጎርስም። «ደወለ፤ ወሰድሽ ወይ?» የሚል ሰው በቤት ውስጥ ያስፈልጋል።

የቀንና የሰዓት ወጥመድ

በእኛ አገር ስልክ የሚያሳስተው በቀን ብቻ አይደለም፤ በሰዓትም ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሷ የደረሰባትን ብትናገር አንባቢያን እንደማይስቁባት ተስፋ ታደርጋለች። እናቷ የደም ግፊት ክኒን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይወስዳሉ። አዘጋጇም ስልካቸው ላይ «2፡00» ብላ ደወሉን ሞላችላቸው። ስልኩ ታዲያ የሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው። እናት ጠዋት ላይ «ልጄ፣ ለጸሎት ተነሺ የተባልሁ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ክኒኑንማ ማን አስታወሰኝ?» አሉ። በስልኩ አቆጣጠር የእኛ ምሽት 2 ሰዓት 8 ፒ.ኤም. ነው። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓትም 7 ኤ.ኤም. ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንጊዜም ስድስት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መተግበሪያ ከመጠቀማችን በፊት የሚከተለውን ብናደርግ እንጠቀማለን።

በካርድ ላይ የተጻፈውን ቀን በቁጥር ብቻ አንቀበል፤ «የትኛው ወር ነው? በፈረንጅስ መቼ ይውላል?» ብለን ነርሷን እንጠይቅና ሁለቱንም እናስጽፍ። የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ መተግበሪያዎችም ስላሉ በእነሱ ማመሳከር ይቻላል።

ለመርፌ ቀን «በየወሩ» የሚለውን ሳይሆን «በየ28 ቀኑ» የሚለውን ትእዛዝ እንምረጥ። ሐኪሙ በየ21 ቀኑ ካዘዘም እንደዚያው ነው።

ደወሉ በዕለቱ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊትም እንዲደውል እናድርግ። ሠራተኛ እናት አለቃዋን የምታስፈቅድበት፣ የትራንስፖርት የምታዘጋጅበት፣ መርፌው በጤና ጣቢያው መኖሩን ደውላ የምትጠይቅበት ጊዜ ታገኛለች።

ደወሉን ከሞላን በኋላ አንድ ቀን በአጠገቡ ሆነን በትክክል መደወሉን እንይ። ከዚያም ያንኑ ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እናክብብበት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ባትሪው ያልቃል፤ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ግን እዚያው ነው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስድ

የልቧ በር በቀዶ ሕክምና በብረት ቫልቭ የተተካላት ሴት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች። የልብ ምታቸው ለተዛባ አንዳንድ ሕሙማንም ይኸው ይታዘዛል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ረግቶ ቫልቩን ይዘጋል፣ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ያደርጋል፤ ሲበዛ ደግሞ ያደማል። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ነው። ቀደም ብለን በጠቀስነው የ14 አገሮች ጥናት ይህን ዓይነት መድኃኒት ከታዘዘላቸው መካከል የደማቸው ልክ በሚፈለገው መጠን ላይ የተገኘው ከመቶ 28 ያህሉ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ መዝገብ ትልቅ ጥቅም አለው። ሕመምተኛዋ በየቀኑ የወሰደችውን መጠን፣ የምርመራውን ቀንና ውጤት፣ እንዲሁም ያን ሰሞን የተለወጠ ነገር ካለ በስልኳ ብትመዘግብ ሐኪሙ ውጤቱ ለምን እንደተለወጠ ሊያውቅ ይችላል። በእኛ ቤት የሚለወጠው ምንድን ነው ቢባል አንዱ ጾም ነው። በጾም ወራት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በማዕድ ላይ ይበዛሉ። እነዚህ ቅጠሎች በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ይህ ማለት ጎመን አይበላም ማለት አይደለም፤ ዛሬ ሙሉ ድስት፣ ነገ ምንም እንዳይሆን፣ ሳምንቱን በሙሉ በመጠን ይሁን ማለት ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪም ማስታወቅም ብልህነት ነው።

የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ፣ የባህል መድኃኒት መጠጣት ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት መጨመር ደምን ከልክ በላይ ሊያቀጥን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን መድኃኒቱን የረሳች ሴት በማግሥቱ እጥፍ አትውሰድ፤ መርሳቷን መዝግባ ሐኪሟን ትጠይቅ። ደወሉ ሲደውል የሚመጣው «ወሰድሁ» የሚለው ምልክት መነካት ያለበትም ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ሆነው «ቤት ስገባ እውጠዋለሁ» ብለው ምልክቱን የሚነኩ አሉ፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ሐኪሙን ያሳስታል።

ትዳርና እርግዝና

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል፤ ዝምታው ግን ሕይወት ያስከፍላል። እርግዝና የልብን ሥራ በብዙ ይጨምራል፤ የተጎዳ በር ያላት ሴት ይህን ሸክም ላትችለው ትችላለች። ዋርፋሪንም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ነገር ግን «ለልጄ ብዬ» በራሷ ፈቃድ መድኃኒቱን ያቆመች ሴት ቫልቭዋ በረጋ ደም ሊዘጋና ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው ከማርገዝ በፊት ከልብ ሐኪምና ከማኅፀን ሐኪም ጋር መመካከር ነው።

በዚያው ጥናት በወሊድ ዕድሜ ላይ ከነበሩት 1 ሺህ 825 ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 65 ብቻ ሆነው መገኘታቸው ምክሩ ምን ያህል እንደሚጎድል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት የተሰበሰቡ የሙያው ጠበብት ይህን ሕመም ከአፍሪካ ለማጥፋት ካስቀመጧቸው ሰባት ተግባራት አንዱ ሕመሙ ያለባቸው ሴቶች ሁሉ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ማድረግ ነው።

ስልክ በዚህም ያግዛል። ሴቲቱ የወር አበባዋን ቀን ብትመዘግብ፣ ቀኑ ሲያልፍ በሳምንት ውስጥ ታውቃለች፤ ሳትዘገይም ለሐኪሟ ትነግራለች። ሁለትና ሦስት ወር ቆጥሮ ከመድረስ ይህ እጅግ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ባልም ሆነ አማት «አንድ ልጅ እንኳ» እያሉ ከመጎትጎት ይልቅ አብረው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባቸዋል።

ግፊትና ክብደት

በቤት ውስጥ የደም ግፊት ለክተው በስልክ የሚመዘግቡ ወገኖች እየበዙ ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ክንድ ላይ የሚጠመጠም መሣሪያ መጠቀም፣ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት፣ አምስት ደቂቃ ዐርፎ መቀመጥ፣ ጀርባን አስደግፎ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማድረግና በሚለካበት ጊዜ አለማውራት ያስፈልጋል። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካትና ሁለቱንም መመዝገብ ነው። በቤት ውስጥ ተደጋግሞ 135/85 እና ከዚያ በላይ የሚያሳይ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስልኩ ራሱ ግፊት ይለካል የሚሉትን ግን እንጠንቀቅ። ጣትን በስልኩ ካሜራ ላይ በማድረግ ግፊት እለካለሁ ይል የነበረ አንድ መተግበሪያ በአሜሪካ በብዛት ተሽጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሲፈትኑት፣ ከፍተኛ ግፊት ካላቸው አሥር ሰዎች ወደ ስምንት የሚጠጉትን «ደኅና ናችሁ» ብሎ የሚሰድ ሆኖ አገኙት። የውሸት ደኅንነት ከሕመሙ አይተናነስም፤ ሰውየው ክኒኑን እንዲተው ያደርጋልና።

የልብ ድካም ላለበት ሰው ደግሞ ከግፊት ያላነሰ ዋጋ ያለው ሚዛን ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በቀላል ልብስ ይመዘንና ይመዝገብ። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ውፍረት ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የታቈረ ውኃ ነውና ሳይዘገዩ ሐኪም ማነጋገር ነው። የእግር ማበጥ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠርና ትራስ መደራረብ መጀመርም የዚሁ ምልክቶች ናቸው። የቤት እመቤቷ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጨው አስባ በወጡ ላይ ብትቀንስ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ትረዳለች።

ስልክ የሚቀመጥበት ጊዜ

የደረት ሕመም ወይም ጭንቀት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሲቆይ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሰው ራሱን ሲስት፣ ፊት ሲጣመም፣ አንድ ወገን እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት መድማቷ አልቆም ሲል መተግበሪያ ከፍቶ ምልክት መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። ስልኩ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ለመደወል ብቻ ነው። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት ወይም የተገኘውን መኪና ይዞ ወደ ሆስፒታል መገስገስ ያሻል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሕመም ነገር የግል ነገር ነው። ስልኩ የይለፍ ቁጥር ይኑረው፤ የምርመራ ውጤትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍም አይገባም። በዚያ የሚሰጠውን ምክር ሰምቶ መድኃኒት መለወጥማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

የሚነካካ ስልክ የሌላት እኅት በዚህ ሁሉ አትከፋ። ባለ ቁልፉ ስልክም ደወል አለው። ለመዝገቡ የልጆች ደብተር ይበቃል፤ በአንድ በኩል ቀን፣ በሌላ በኩል ክኒን፣ ግፊትና ክብደት ብላ ብታሰምር በሐኪም ፊት ከማንኛውም መተግበሪያ የማያንስ ማስረጃ ይሆናታል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ቢሆኑም የትምህርት ቤት ልጃቸው ይጽፍላቸዋል።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ እናት ዛሬ ስልኩን አልጣሉትም። ልጃቸው ካርዱን ይዞ ከነርሷ ጋር ቀኑን አስተካክሎታል፤ በየ28 ቀኑ፣ ከሁለት ቀን አስቀድሞም ይደውላል። እሳቸው ደግሞ በጓዳው ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን ያከብባሉ። ደወሉ ሲደውል መጀመሪያ የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። «ሁለቱ ከተስማሙ እሄዳለሁ፤ ካልተስማሙ ለሲስተር እደውላለሁ» ይላሉ።

ወደ ቤታችን መለስ ብለን እንይ። የልብ ሕመም ያለባት ልጅ፣ እኅት፣ እናት ወይም ጎረቤት አለችን? ዛሬ ማታ ካርዷን አውጥተን የሚቀጥለው ቀኗ መቼ እንደሆነ እንመልከት፤ ስልኳ የያዘውም ያው ቀን መሆኑን እናመሳክር። ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ካለም እንጥሉን ከማስቆረጥ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ ሕመሙ የሚገታው ከዚያ ነውና። የባሎችና የጎልማሳ ልጆች ድርሻም ይህንኑ ቆጠራ ከእናት ጋር መካፈል ነው። ቆጠራው የቤተሰቡ ሁሉ ሲሆን፣ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል።